ኮራሉ እዚህ ምን ይሠራል? የጥንቱን የባሕር ከፍታ ከድንጋይ የማንበብ አሠራር

ዳናክል ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ዳሎል ቀለምና ስለ ኤርታ አሌ እሳት ነው። ጨው የጫኑትን ግመሎችም ፎቶ ያነሳል። ከጨው ሜዳው ዳር ዳር ያለውን ግራጫ ድንጋይ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ያ ድንጋይ ኮራል ነው፤ የባሕር እንስሳ የሠራው አጥንት። ቅርንጫፉም፣ የማር እንጀራ የመሰለው ቀዳዳውም ሳይጠፋ ቁጭ ብሏል።

ሪፍ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የሚገነባ የኮራል ግንብ፣ የሚሠራው ኮራል ባሕር ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ አይበቅልም። ስለዚህ "ባሕሩ እዚህ ድረስ ነበር" ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። ጣጣው የሚመጣው "ባሕሩ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ነበር?" ሲባል ነው። እዚያው ዳናክል ውስጥ አንዳንዱ ኮራል ከዛሬው የባሕር ጠለል በታች ነው፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ሜትር በላይ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ወይም ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኛ ነን ጥያቄውን ያበላሸነው።

ድንጋዩ ዛሬ ያለበት ከፍታ የባሕሩ ከፍታ አይደለም። አራት ነገር ሳይታወቅ ከፍታው ለብቻው ምንም አይናገርም። ድንጋዩ ከበቀለበት ቦታ ተነቃንቋል ወይ? ኮራሉ በሕይወት ሳለ ከውሃው ወለል ስንት ሜትር በታች ይኖር ነበር? ዕድሜው ስንት ነው? ከዚያ ወዲህስ መሬቱ ራሱ ምን ያህል ተነሳ ወይም ሰመጠ? ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን አራት ጥያቄዎች በየተራ የመመለስ ሥራ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። ደብተር፣ እርሳስ፣ አጉሊ መነጽር፣ የግንበኛ ሜትርና ውሃ ልክ፣ ካሜራ፣ በትንሽ ጠርሙስ አቼቶ። መዶሻና መሮ የሚወጣው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱም የአካባቢው ሰውም ሳይፈቅድ አይቆረጥም። የዕድሜ ምርመራው የላቦራቶሪ ሥራ ስለሆነ እሱን ለባለሙያ እንተወዋለን። ግን ውጤቱን ለማንበብ እንዲያመቸን ምን እንደሚሠሩ ማወቅ አለብን።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር

ባሕር ከፍ ዝቅ የሚለው በዋናነት በበረዶ ምክንያት ነው። በበረዶ ዘመን ከባሕር የተነነው ውሃ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በረዶ ሆኖ ይከመራል፤ ወደ ባሕሩ አይመለስም። ባሕሩ ይጎድላል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕር ከዛሬው ወደ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔ ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም። በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የመግቢያው ደፍ ጥልቀት 137 ሜትር ነውና የቀረው ውሃ ስስ ነበር። ቀይ ባሕርም እጅግ ጨዋማ ሆነ።

በተቃራኒው ከ129,000 እስከ 116,000 ዓመት በፊት በነበረው ሞቃት ዘመን ባሕሩ ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ቀይ ባሕር ዳር፣ ፍሎሪዳ፣ ባርቤዶስ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ በእግር የሚደረስበት አሮጌ ኮራል አብዛኛው የዚያ ዘመን ነው። "125,000 ዓመት" የሚለውን ቁጥር አስታውሱት፤ ደጋግሞ ይመጣል።

1. የዳርቻውን ጠባይ እወቁ

ድንጋዩን ከመንካታችሁ በፊት መሬቱን ጠይቁ። የባሕር ዳርቻ ሦስት ዓይነት ጠባይ አለው።

አንደኛው ዝም ያለ መሬት ነው። ፍሎሪዳና የምዕራብ አውስትራሊያ ዳርቻ ለምሳሌ። እዚህ ሥራው ቀላል ነው፤ መሬቱ ብዙም ስላልተነቃነቀ የኮራሉ ከፍታ ለባሕሩ ከፍታ ይቀርባል።

ሁለተኛው የሚሰምጥ መሬት ነው። አሮጌው ኮራል ከታች ይቀራል፤ አዲሱ በላዩ ይሠራል። ዳርዊን በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቀለበት ቅርጽ ያላቸው የኮራል ደሴቶች እሳተ ገሞራው እየሰመጠ፣ ኮራሉ ወደ ላይ እየገነባ የተሠሩ ናቸው ብሎ ጻፈ። በ1952 በፓስፊክ በኤነወታክ ደሴት ሲቆፈር ከ1,400 ሜትር የሚበልጥ ኮራልና የኖራ ድንጋይ ካለፈ በኋላ ነው እሳተ ገሞራው የተገኘው። ሰውዬው ልክ ነበር። ባሕር በሸፈነው የሚሰምጥ መሬት ላይ መሰርሰሪያ ከሌለ የሚነበበው ጥቂት ነው። ባለሙያዎች በ2005 ታሂቲ ላይ በመርከብ ሰርስረው ባወጡት ኮራል ከ14,500 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከ350 ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ14 እስከ 18 ሜትር እንደጨመረ አይተዋል። ይህ በዓመት ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። የዛሬው ጭማሪ በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው፣ የሚነሳ መሬት ነው። የኮንሶን እርከን አስቡት። ባሕሩ ከፍ ብሎ ሲቆይ ኮራሉ ዳርቻው ላይ ሰፊ መደብ ይሠራል። ባሕሩ ይሸሻል፤ መሬቱ ግን መነሳቱን አያቆምም። ባሕሩ እንደገና ሲመለስ የድሮውን መደብ አይደርስበትም፤ ከሥሩ ሌላ ይሠራል። እንዲህ እያለ ተራራው እርከን በእርከን ይሆናል። ከላይ ያለው አሮጌ፣ ከታች ያለው አዲስ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሁዎን በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ይህ ደረጃ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። ባርቤዶስም ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተለኩት ሦስት ታዋቂ እርከኖች 83,000፣ 105,000 እና 125,000 ዓመት ገደማ ሆነው ተገኙ። የበረዶ ዘመን ከምድር ምህዋር ለውጥ ጋር ይያያዛል የሚለው ሐሳብ ጉልበት ካገኘባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው።

እርከን ካያችሁ ከታች ጀምራችሁ ቁጥር ስጡትና በደብተር ሳሉት። ሥዕላችሁ ማማር የለበትም።

2. ድንጋዩ ከቦታው መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማዕበል ትልቅ ኮራል ነቅሎ ወደ የብስ ይወረውራል። ሰውም ተሸክሞ ይወስዳል።

ጅዳ ያላችሁ ይህን በደንብ ታዩታላችሁ። የአል-በለድ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶችም እንዲሁ። ግድግዳው ላይ የኮራሉ ዓይን ሁሉ ይታያል። ዓይን ለማለማመድ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ነገር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ኮራል ለክታችሁ "ባሕሩ እዚህ ነበር" ብትሉ የሚስቅባችሁ ግንበኛው ነው። ሜዳ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ግንበኛው ማዕበል ነው።

በቦታው የበቀለ ኮራል ምልክት አለው። ቅርንጫፉ ወደ ላይ ነው። ሥሩ ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ተጣብቋል። ድቡልቡሉ ዓይነት ከሆነ ጉልላቱ ወደ ሰማይ ያያል። ጎረቤቶቹም እንደሱ ቆመዋል። አንዱ ተዘቅዝቆ፣ ሌላው ተጋድሞ፣ መካከሉ በስብርባሪ ከተሞላ የማዕበል ክምር ነው፤ እለፉት።

ዛጎሉንም ተመልከቱ። ሁለቱ ክዳኖቹ ሳይለያዩ እንደገጠሙ ካሉ ሩቅ አልተጓዘም። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ብልሃት ግን የቀንድ አውጣው ነው። ባዶ ቅርፊት ውስጥ ጭቃ ይገባና ታች ይረጋል፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በኋላ ነጭ ክሪስታል ይሞላዋል። በጭቃውና በክሪስታሉ መካከል ያለው መስመር የተፈጥሮ ውሃ ልክ ነው። የናንተን ውሃ ልክ አጠገቡ አድርጉት። መስመሩ ካዘነበለ ወይ ድንጋዩ ተገልብጧል፣ ወይ መሬቱ ጠሟል።

መዶሻ ሳያነሱ ይህን ሁሉ ማየት የሚፈልግ አሜሪካ ያለ አንባቢ ፍሎሪዳ ውስጥ ዊንድሊ ኪ የሚባል የመንግሥት ፓርክ አለለት። ከመቶ ዓመት በፊት ለባቡር ሐዲድ ሥራ ድንጋይ የተቆረጠበት ጉድጓድ ነው። ግድግዳው የ125,000 ዓመት ሪፍ ተሰንጥቆ ነው፤ ኮራሎቹ እንደበቀሉ ቆመዋል።

3. ኮራሉ ስንት ሜትር ላይ ይኖር ነበር?

ኮራል እንስሳ ነው፤ ግን ገላው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ደቃቅ አልጌዎች ያሳድራል። ብርሃን በሌለበት ሪፍ አይሠራም። ይህ ይጠቅመናል፤ ኮራሉ ከውሃው ወለል ብዙ ሊርቅ አይችልማ።

ሆኖም "ብዙ ሊርቅ አይችልም" ማለት ለአንዱ 5 ሜትር ነው፣ ለሌላው 40። ካሪቢያን ውስጥ አክሮፖራ ፓልማታ የሚባል እንደ አጋዘን ቀንድ የሰፋ ኮራል አለ። በብዛት የሚኖረው ከላይኛው 5 ሜትር ውስጥ ነው። ባርቤዶስ ያን ያህል የታመነችው በዚህ ኮራል ምክንያት ነው። ድቡልቡሉ ፖራይቲስ ግን ከወለሉ እስከ ብዙ አሥር ሜትሮች ይገኛል፤ ለብቻው አትመኑት።

ፖራይቲስም ቢሆን ምርጥ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወደ ላይ ሲያድግ ቆይቶ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት አናቱ ከውሃ ሲወጣ በፀሐይ ይሞታል። ጎኑ ግን ያድጋል። ውጤቱ አናቱ የተመታ፣ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆነ ኮራል ነው። ማይክሮአቶል ይሉታል። እንዲህ ያለ ስታገኙ ተደሰቱ፤ የዚያን ዘመን ዝቅተኛ የውሃ ልክ ከአንድ ሜትር ባነሰ ስሕተት ይነግራችኋል።

በደብተራችሁ አንድ ቁጥር አትጻፉ። "ከ0 እስከ 5 ሜትር" ብላችሁ ከነክልሉ ጻፉ።

4. ከፍታውን ለኩ

ስልክ አውጥቶ ጂፒኤስ ማየት አይበቃም። ተራ ጂፒኤስ በከፍታ ላይ ብዙ ሜትር ይስታል። በዚያ ላይ ሳተላይቱ የሚለካው በሒሳብ ከተሠራ ለስላሳ ሉል ነው፤ እውነተኛው የባሕር ፊት ከዚያ ሉል ይለያል። ከሕንድ በስተደቡብ ልዩነቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ማስተካከያው ተሠርቶ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ከተጠቀማችሁ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ባሕሩ ቅርብ ከሆነ በድሮው ዘዴ ከውሃው ጀምራችሁ በሜትርና በውሃ ልክ ደረጃ በደረጃ ውጡ። ሰዓቱንም ጻፉ፤ ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል። ፖርት ሱዳን አካባቢ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ምጽዋ ላይ ግን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል።

5. ናሙናና ዕድሜ

ሕያው ኮራል አጥንቱ አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው። ከባሕር ወጥቶ ዝናብ ሲመታው አራጎናይቱ ቀስ በቀስ ካልሳይት ወደሚባል ማዕድን ይለወጣል። የተለወጠ ኮራል ለዕድሜ ምርመራ አይሆንም። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጥሩው ቀዳዳው ባዶ፣ ግድግዳው ስስና ነጭ ነው። የተበላሸው እንደ ስኳር ያብለጨልጫል፤ ቀዳዳው በክሪስታል ተደፍኖ ይከብዳል። አቼቶው እዚህ አያግዝም፤ ሁለቱም ላይ አረፋ ያወጣል። እሱ የሚጠቅመው ድንጋዩ የኖራ ዘር መሆኑን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመለየት ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የላቦራቶሪ ኤክስሬይ ነው።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት በላይ አያስኬድም። የኛ ኮራል 125,000 ነው። ስለዚህ ዩራኒየምና ቶሪየም ይገባሉ።

ጠጅ አስቡ። በጋን ማርና ውሃ ጥላችሁ አፉን መረጋችሁት። ጠጅ ገና የለም። ከቀናት በኋላ ከፍታችሁ ምን ያህሉ ጠጅ እንደሆነ ብትለኩ ስንት ቀን እንደቆየ ትገምታላችሁ። ኮራልም ሲያድግ ከባሕሩ ውሃ ዩራኒየም ይወስዳል፤ ከሚሊዮን 3 እጅ ያህል። ቶሪየም ግን ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ አይገባም ማለት ይቻላል። ኮራሉ ከተሠራ በኋላ ዩራኒየም 234 የሚባለው የዩራኒየም ዓይነት እየፈረሰ ቶሪየም 230 ይሆናል። ቶሪየሙም ራሱ በ75,600 ዓመት ገደማ ይጋመሳል። የሁለቱ መጠን ሲለካ ዓመቱ ይወጣል። በዚህ ዘዴ እስከ 500,000 ዓመት ገደማ ወደኋላ መሄድ ይቻላል።

ግን ጋኑ ካፈሰሰስ? ማር የጨመረበት ወይም ጠጅ የቀዳ ሰው ካለ ስሌቱ ውሸት ነው። ኮራልም ላይ የዝናብ ውሃ ዩራኒየም ያስገባል፣ ያስወጣል። ደግነቱ መፈተኛ አለ። በባሕር ውሃ የዩራኒየም 234 ጨረር ለዩራኒየም 238 ጨረር ሲካፈል 1.145 ያህል ይመጣል። የኮራሉ መነሻ ሬሾ ወደኋላ ተሰልቶ ከዚህ ከራቀ ጋኑ አፍስሷል፤ ዕድሜውን አትቀበሉ። የላቦራቶሪ ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ቁጥር እንጂ ዓመቱን አይሁን።

ከአንድ እርከን አንድ ናሙና ብቻ አይወሰድም። ሦስት አራት ወስዳችሁ ዕድሜያቸው መስማማቱን እዩ።

6. ስሌቱ

የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፦

የጥንቱ ባሕር = የዛሬ ከፍታ + ኮራሉ የኖረበት ጥልቀት − መሬቱ የተነሳው

ለመለማመጃ እንዲሆን ቁጥር ልስጣችሁ። ሁለት እርከን አለ እንበል። የላይኛው 125,000 ዓመቱ ነው፤ 56 ሜትር ላይ ቆሟል። ያኔ ባሕሩ ከዛሬው 6 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር፣ ይህኛው ኮራልም ልክ ከውሃው ወለል ላይ (ጥልቀት 0) ኖሯል ብንል ቀሪው 50 ሜትር የመሬቱ ነው። 50 ሜትር ለ125,000 ሲካፈል በዓመት 0.4 ሚሊ ሜትር።

የታችኛው 83,000 ዓመቱ፣ ከፍታው 20 ሜትር። በ83,000 ዓመት መሬቱ 33.2 ሜትር ተነስቷል። 20 ሲቀነስ 33.2፣ ከዜሮ በታች 13.2 ይሆናል። ኮራሉ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ኖሮ ከሆነ ባሕሩ ከዛሬው 10 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ልብ አድርጉ፦ ኮራሉ ዛሬ ከባሕር በላይ ነው፣ የበቀለበት ባሕር ግን ከዛሬው በታች ነበር።

አሁን ራሳችሁን ፈትኑ። የ125,000 ዓመቱ ባሕር 6 ሳይሆን 9 ሜትር ቢሆንስ? መሬቱ የተነሳው 47 ሜትር ይሆናል። የታችኛው መልስ ከ10 ወደ 8 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የ3 ሜትር ጥርጣሬ የ2 ሜትር ለውጥ አመጣ። መሬቱ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ተነሳ ማለታችንም ግምት ነው። በረዶው ራሱም ያወሳስበዋል፤ ክብደቱ መሬት ያጎብጣል፣ ስበቱ ባሕር ወደራሱ ይጎትታል። ስለዚህ ባሕሩ በሁሉም ቦታ እኩል አይወጣም፣ እኩል አይወርድም። የአንድ ደሴት መልስ የዓለም መልስ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

7. ወደ ዳናክል እንመለስ

ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ከዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ ገብቶ ዝቅተኛውን መሬት ሞልቶት ነበር። ኮራሉ ዳር ዳሩን በቀለ። በኋላ እሳተ ገሞራና የመሬት መነሳት በሩን ዘጉት። የገባው ውሃ ተነነ፤ ጨው ቀረ። የሜዳው ወለል ዛሬ ከባሕር ጠለል ወደ 120 ሜትር በታች ነው። በዚያው በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ኤርትራ ውስጥ አብዱር በሚባል ቦታ፣ በ125,000 ዓመት ሪፍ ውስጥ የሰው የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ግኝቱ የታተመው በ2000 ነው። ኮራሉ ሲያድግ ዳርቻው ላይ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የዳናክሉን ኮራል ግን ስለ ባሕሩ አትጠይቁት። አፋር የሚቀደድ መሬት ነው፤ አንዱ ጎኑ ይሰምጣል፣ ሌላው ይነሳል። እዚህ ቀመሩን መገልበጥ ነው። የዚያን ዘመን ባሕር ከፍታ ዝም ካሉት መሬቶች እናውቀዋለን። ያልታወቀው መሬቱ ነው። ለምሳሌ 125,000 ዓመት የሆነው ኮራል 20 ሜትር ከባሕር በታች ተገኘ እንበል። ባሕሩ ያኔ 7 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ኮራሉ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ከነበረ የበቀለው 4 ሜትር ላይ ነው። ከ4 ወደ 20 በታች፣ 24 ሜትር ሰምጧል። በዓመት 0.19 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሌላው ኮራል፣ ዕድሜው ያው ሆኖ 30 ሜትር በላይ ቆሞ ከሆነ እሱ 26 ሜትር ተነስቷል። ሁለቱ ሲበቅሉ የአንድ ባሕር ጎረቤቶች ነበሩ፤ ዛሬ በመካከላቸው 50 ሜትር አለ።